ጋሽ መኳንንት ያላስታረቁት ትዳር

ጋሽ መኳንንት በኮልፌ ሠላሳ ዓመት ሽማግሌ ሆነው ሲያስታርቁ አንድ ትዳር ብቻ አፍርሰዋል። ያንንም ያደረጉት በንጹሕ ልብ ነው።

ፍርድ ቤቱ የፍቺ ጥያቄውን ለሽማግሌ መርቶት ስለነበር ባልየው ጉዲሳ መጀመሪያ ለብቻው መጣ። አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው። ያሳደገችው አክስቱ ካረፈች ወዲህ ከሚስቱ ከፋሲካ በቀር ዘመድ የለውም። እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ ስላለው በነጠላ ጫማ ነበር።

"ጋሼ፣ ለፋሲካ ላይነግሩብኝ ይማሉልኝ።"

ማሉለት። ሽማግሌ የሰማውን አያወጣም።

"ሁለቱም ኩላሊቶቼ አልቀዋል። ካወቀች ያላትን ሁሉ ሸጣ፣ ራሷንም ጨርሳ አብራኝ ትወድቃለች። ገና ልጅ ናት፣ ጋሼ። ትጥላኝና ሌላ ታግባ።"

"ኧረ ልጄ! ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ሲባል አልሰማህም?" አሉና አብረውት አለቀሱ። ግን ምለዋል፤ ምን ያደርጋሉ? ቀጠሮ እያራዘሙ ሊያቆዩአቸው በልባቸው ወሰኑ። ለማንም የማይነገር ነገር ተሸክመው ሰነበቱ።

ሰፈሩ ግን ስለ ፋሲካ ሌላ ወሬ ነበረው። ሐሙስ ሐሙስ ማለዳ ትወጣለች፤ ስትመለስ ከሰው ጋር አታወራም። ጋሽ መኳንንት ወሬ አይወዱም፤ ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት።

አንድ ሐሙስ ለዓይናቸው መድኃኒት ሊገዙ ቤቴል ሄዱ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ ሆስፒታል በር ላይ፣ አንድ ጎልማሳ ፋሲካን ክንዷን ይዞ ነጭ መኪና ውስጥ ሊያስገባት ነው። እሷም ተደግፋዋለች። ስታያቸው ደንግጣ የሹራቧን እጅጌ ወደ ታች ጎተተችና እየሮጠች መጣች።

"ጋሼ፣ በማርያም! ለጉዲሳ እንዳይነግሩብኝ።"

ጋሽ መኳንንት ደማቸው ፈላ። ያ ምስኪን ለእሷ ብሎ ብቻውን ሊሞት ነው፤ እሷ ግን ይኸው! ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

በሳምንቱ ቤታቸው አስጠሯት።

"እሱ መለያየት ይፈልጋል። አንቺስ?"

"አልፈልግም። ግን አንድ ወር ብቻ ይስጡኝ።"

"ለምኑ?"

"የዚያን ቀኑን ነገር ልንገርዎት..."

"ተይ!" እጃቸውን አነሱ። "ነውርሽን አታሸክሚኝ። ከነገርሽኝ ዳኛው ሲጠይቀኝ አልዋሽም።"

"ኧረ ጋሼ፣ ይስሙኝ እንጂ!"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በቃ፣ ልጄ።"

ፋሲካ አልተከራከረቻቸውም። እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ እሳቸው የጥፋተኛ እንባ መሰላቸው። አንድ ወር የጠየቀችው ወዳጇ ቤት እስኪያደላድልላት መሆኑን አልተጠራጠሩም።

በማግስቱ ለፍርድ ቤቱ "ማስታረቅ አልቻልንም" ብለው ጻፉ፤ አብረዋቸው የተመረጡት ሁለት ሽማግሌዎችም እሳቸውን አምነው ፈረሙ። ችሎት ላይ ፋሲካ ጊዜ እንዲሰጣት ለመነች። ዳኛው ደብዳቤውን አንብቦ ትዳሩ መፍረሱን ወሰነ። ጉዲሳ የጋሽ መኳንንትን ጉልበት ስሞ፣ ስልኩን ዘግቶ፣ ወዴት እንደሚሄድ ለማንም ሳይናገር ከከተማው ጠፋ።

ጋሽ መኳንንት አዘኑለት። ቢሆንም ከከዳተኛ ሚስት አላቅቄዋለሁ ብለው ተጽናኑ።

ሰኞ ጠዋት በራቸው ተንኳኳ። ፋሲካ ናት፤ ፊቷ ገርጥቷል፣ በእጇ የሆስፒታል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛለች። ግቢ ቢሏትም ደጃፉ ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ መታመሙን አውቅ ነበር። ኩላሊቴ ተስማምቶለታል፤ ሐኪሞቹ ግን ሚስቱ መሆንሽን የሚያሳይ ማስረጃ አምጪ አሉኝ።"