ፊቱን በየት በኩል አዞሩት?

አያን ስልኳን ከፍ አድርጋ የእንግሊዙን የገጠር መንደር ለእናቷ ማስጎብኘቱን አላቆም አለች። የፈረሰውን ግንብ፣ ጥንታዊውን ቤተ ክርስቲያን፣ ዳክዬ የሚዋኝበትን ወንዝ ከነድንጋይ ድልድዩ ሁሉ አሳየቻት።

«ይሄ ግንብ ስምንት መቶ ዓመቱ ነው ሆዮ! ሰው ከስንት አገር መጥቶ ነው የሚያየው።»

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ግቢዋ ውስጥ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠችው እናቷ ኪንሲ ለእያንዳንዱ «ማሻአላህ» ስትል ቆየች። በመጨረሻ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ድንጋዩስ ይበቃኛል ልጄ። አሁን ወንድምሽ ጋ ውሰጂኝ።»

አያን መንገድ ጀመረች። ምስሉ ተንቀጠቀጠ፤ የብረት በር ተከፈተ፤ እርጥብ ሣር አለፈ፤ ከአጥሩ ሥር ገና ሣር ያልበቀለበት የአፈር ጉብታ ታየ። ኪንሲ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች።

«ፊቱን በየት በኩል አዞሩት?»

«ወደ ቂብላ ነው ሆዮ። እዚህ ደግሞ ቂብላ በእናንተ በኩል ነው። መካን አልፎ ቢያይ ድሬን ያያል።»

ኪንሲ ተነስታ ምንጣፏን ስትሰግድ ወደምትዞርበት አዞረችው፤ ሻሿን አስተካክላም ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከዚያ ቶሎ ብላ እንባዋን ጠረገች። ስታለቅስ ማየት አይወድም ነበር።