እንደኔ እንደኔ

መጋቢት አሥራ ዘጠኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሐኪሙ የስምምነት ወረቀቱን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠ። «አባባ፣ ቁስሉ ወደ ላይ እየወጣ ነው። እስከ አምስት ሰዓት ይወስኑ» አለና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

የበሽተኛው ሴት ልጅ ወንበሯን ወደ ራስጌው ሳበች። አባቷ ግንበኛ ነበር፤ አርባ ዓመት ርብራብ ላይ ቆሞ ስድስት ልጅ አሳድጓል። አሁን የግራ እግሩ ጣቶች በስኳር በሽታ ጠቁረው ከብርድ ልብሱ ውጭ ይታያሉ። ከጉልበቱ በታች ይቆረጥ ወይስ ይቅር፣ ወረቀቱ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

«ልጆቹ ምን አሉ?» አላት። «እስቲ አንብቢልኝ።»

የቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ ከትናንት ጀምሮ ሲንጫጫ ነው ያደረው። ስልኳን አውጥታ ከታላቅ ወንድሟ ጀመረች። «‘እኔ እንግዲህ እንደ ሩቅ ሰው ነው የማየው፤ ልሳሳት እችላለሁ። እንደኔ እንደኔ ግን የሐኪሞቹን ምክር ብንሰማ ሳይሻል አይቀርም። ቢሆንም ሌላ ሐኪም ቢያየውም አይከፋም።’»

አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «እሺ፣ ምን አለ?»

«አነበብኩልህ እኮ፣ አባዬ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ይቆረጥ አለ ወይስ ይቅር?»

መልእክቱን መልሳ አየችው። «ሁለቱንም መሰለኝ።»

«ቀጥዪ።»

ቀጠለች። ታናሽ እህቷ የማንንም ሐሳብ ለመቃወም እንዳልሆነ፣ ምናልባትም ስሜታዊ ሆና ሊሆን እንደሚችል ጽፋለች፤ ምኑን እንደማትቃወም ግን አልጻፈችም። የመጨረሻው ወንድሟ ደግሞ «በአንድ በኩል ሲታይ» ብሎ ጀምሮ ሌላውን በኩል ሳያመጣው ቀርቷል።

አባቷ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። ውሃ አቀበለችው።

«ይሄ ልጅ» አለ ሲረጋጋ፣ «ባለፈው ሳሎኔ ቁጭ ብሎ ‘ጎረቤትህ ሌባ ነው፣ ዓይኑን ማየት ይበቃል’ ያለኝ አይደለም? ሰውየውን እኮ ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። የኔ እግር ሲሆን ነው በአንድ በኩል የሆነው?»

«ተወው እስቲ። በጽሑፍ ሲሆን ሰው ይጠነቀቃል።»

«ከታች ሆነሽ ድንጋይ ስታስወጪ ‘ሳብ’ ነው የሚባለው። ‘ልቀቅ’ ነው የሚባለው። ‘ብትስቡ ሳይሻል አይቀርም’ ያለ ሰው ድንጋዩን የሚቀበለው በአናቱ ነው።» አንገቱን ወደ እሷ አዞረ። «ያንቺስ?»

ጣቷ የስልኩ መስታወት ላይ ቆመ። የራሷን መልእክት ዘልላው ነበር። ቤት ውስጥ «መጋዝ» ነው የሚሏት፤ አፏ ላይ የመጣ ነገር ሳይቆርጥ አይወጣም። ትናንት ኮሪደሩ ላይ ለነርሷ «ጨርሶ አባት ከማጣ እግር የሌለው አባት ይኑረኝ» ስትል ሰው ሁሉ ዞሮ አይቷታል።

«የኔ ይቅር።»

«አንብቢ አልኩሽ።»

«‘እንደምታውቁት አጠገቡ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ድካም ተጭኖኝ ሊሆን ይችላል። በበኩሌ ብናስቆርጠው የሚሻል ይመስለኛል። ነገር ግን የብዙዎቻችሁን ሐሳብ አከብራለሁ።’»

መጨረሻው ላይ ድምፅዋ አነሰ። ሦስት ጊዜ አጥፍታ ነበር እንደገና የጻፈችው። የመጀመሪያው «እናስቆርጠው፣ እባካችሁ» የሚል ብቻ ነበር።

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። አባቷ ግን ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ።

«ፈርታችሁ ነው» አለ። «ቢላዋ ላይ የቀረሁ እንደሆነ ‘ማነው ቁረጡት ያለው?’ ይባላል። በአፍ የተባለውን ሁሉም ይክደዋል። የተጻፈውን ግን ገልጦ የሚያነብ አይጠፋም።»

መልእክቱን ስትጽፍ ያየችው እግሩን አልነበረም። ከቀብር መልስ አንድ ጥግ ላይ ቁጭ ያለ ሰው፣ ስልኩን ወደ ላይ እየገፋ የእሷን ስም የሚፈልግበት ጣት ነበር ያየችው። የማን ጣት እንደሆነ እንኳ አልለየችም።

አባቷ ስልኩን ከእጇ ወሰደና ብርድ ልብሱ ላይ በግንባሩ ደፋው።

«አሁን በአፍሽ ንገሪኝ። ከእኔ በቀር የሚሰማሽ የለም። እኔ ደግሞ ከሞትኩ አልመሰክርብሽም።»

«አባዬ፣ እንዲህ አትበል።»

«መጋዝ ሆይ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

እጁን ያዘች። መዳፉ አሁንም እንደ ድንጋይ ሻካራ ነው።

«ይቆረጥ» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ይቆረጥ።»

እስክሪብቶ እንድታቀብለው ምልክት ሰጣት። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስሙን እስከ አያቱ ድረስ ጻፈ፤ አንድ ፊደል ሲያጣምም ሰርዞ መልሶ አስተካከለው።

ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡት። እሷ በሩ አጠገብ እንደቆመች ግሩፑ ላይ «አባዬ ራሱ ወስኗል» ብላ ጻፈች። አምስቱም ወዲያው ልብ ላኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ኖረ።