ጭረት የሌለው ሆድ

ሐኪሙ ሚስባህ ደሴ ላይ እንዲህ የሚያሰጋ ቆሽት ቀዶ አያውቅም። የኮምቦልቻው ነጋዴ ኢስሐቅ በቆሽት ሕመም አምስት ዓመት ተሰቃይቷል። የቆሽቱ ቱቦ በጠጠር ሞልቷል፤ ወደ ጉበት የሚሄደው ትልቁ ደም ሥርም ደም ረግቶበት ስለተዘጋ በዙሪያው ያሉት ሥሮች አብጠዋል። አንዱ ቢነካ ሰውየው እዚያው ያልቃል። ሚስባህ ይህን ከኢስሐቅ ሚስት ከሐምዲያ አልደበቀም።

«ከአላህ በታች ባንተ እጅ ነው» አለችው።

«ዶክተር፣ ጠጠሩን እንዳትጥልብኝ» አለ ኢስሐቅ የቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ። «አምስት ዓመት የቀለብኩት ነው። ወላሂ፣ ከልጆቼ በላይ በልቷል!»

«ቢስሚላህ ይበሉና ይተኙ፣ ጋሼ» አለው ሚስባህ እየሳቀ።

ማደንዘዣው ሲይዘው ሚስባህ ራሱ ሆዱን በአዮዲን ጠረገው። ጭረት እንኳ የለበትም። ቀደደና ያበጡትን ሥሮች አንድ በአንድ እየሸሸ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቆሽቱ ጋ ደረሰ። እዚያ እጁ ቆመ።

ቆሽቱ አስቀድሞ ተከፍቶ ጠጠሩ ወጥቷል። ልክ ሚስባህ ሊያደርግ እንዳሰበው፣ አንጀቱ ተስቦ ላዩ ላይ ተሰፍቷል።

«ከዚህ በፊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር እንዴ?» አለች ነርሷ ኡመይማ።

«ቆዳቸውን አይተሻል።»

ስፌቱ ንጹሕ ነው። ጫፉ ላይ ብቻ አንድ የክር ዙር ሳይጠብቅ ቀርቷል። ሚስባህ ሊይዘው መቆንጠጫውን ሲያስጠጋ፣ ክሩ ከውስጥ በኩል በቀስታ ተሳበና ጠበቀ።

ቀጥሎም ካበጡት ደም ሥሮች አንዱን፣ ከታች ወደ ላይ፣ የመርፌ ጫፍ ይገፋው ጀመር።