የፍሬሙ ጥላ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሦስት ነን፤ ታላቅ ወንድሜ፣ እጮኛው እና እኔ። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ኦቾሎኒ ይቆረጥማል። እሷ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀምጣለች። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ የሁለቱን ፎቶ ከፍቼ የእንጨት ፍሬም እሠራለታለሁ። ፎቶውንም ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ሁለቱ የተከራዩት ቤት ባለቤት ግድግዳዬ ላይ ሚስማር አይመታም ብለዋል። ስለዚህ ፎቶው ከነፍሬሙ በሚለጠፍ ወረቀት ላይ ይታተማል። ወንድሜ ያዘዘኝ አንድ ነገር ነው፤ እንግዳ ሲመጣ በእጁ ዳስሶ ካላረጋገጠ በቀር እንጨት ነው ብሎ እንዲያምን።

እንጨቱን የወሰድኩት ደጃፋችን ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ነው። በስልኬ አነሣሁት። አምና እሷ ጉርድ ፎቶ ልትነሣ መጥታ መብራት ሲጠፋ እዚያ ተቀምጣ ጠበቀች። እሷ ስለ ሁሉም ነገር አወራች፤ እኔ ደግሞ የማውቀውን፣ ስለ ብርሃንና ጥላ። ከዚያ ወዲህ ጉዳይ ባይኖራትም ብቅ ትል ነበር። ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል፣ አንድ ቀን እሷ እያለች ወንድሜ ምሳዬን ይዞልኝ መጣ። እሱ ለመናገር ነገን አይጠብቅም።

"አቤት እጅህ፣ ወንድምዬ!" ትላለች ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ።

ወንድምዬ ማለት የጀመረችው ቀለበት ካሰረች በኋላ ነው። በፊት "ባለ ፎቶው" ነበር የምትለኝ። ባለ ፎቶው ይሻለኝ ነበር።

የአግዳሚውን ምስል አራት ቦታ እቆርጣለሁ። ሁለቱን አጋድማለሁ፣ ሁለቱን አቆማለሁ፣ ማዕዘኖቹን በሰያፍ አገጣጥማለሁ። ድሮ ቅርንጫፍ የነበረበት ጠቆር ያለ ክብ በእሷ በኩል ይውላል። አሁን የቀረው ጥላ ነው። ፍሬም ፎቶው ላይ ጥላ ካልጣለ በቀለም የተሠመረ መስመር ሆኖ ይቀራል።

ጥላውን በግራ በኩል አደርገዋለሁ። በግራ የቆመው ወንድሜ ነው። ትንሽ አሰፋዋለሁ። ደግሞ ትንሽ። ትከሻው ይጠቁራል፣ ጆሮው ይጠቁራል፣ ያ ሰው ሁሉ የሚወድለት ፈገግታ ግማሹ ይጠፋል። እጄ አልቆም ይለኛል።

"ኧረ አንተ ልጅ! ከሰል ሳራግፍ ውዬ የመጣሁ አስመሰልከኝ እኮ!" ይላል ወንድሜ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በራሱ መቀለድ ይወዳል።

"እውነተኛ ፍሬም እንደዚህ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ጥላ ይጥላል።"

"እሺ ጌታዬ፣ አንተ ታውቃለህ" ብሎ ኦቾሎኒ ያቀብለኛል። እንዲህ ማመኑ ነው የበለጠ የሚያንገበግበኝ።

እሷ አልሳቀችም። ስክሪኑን ትክ ብላ ታየዋለች።

"ፀሐይዋ እኮ በእኔ በኩል ነበረች" ትላለች ቀስ ብላ። "አየው፣ ዓይኔን አጨንቁሬ ነው የወጣሁት። ታዲያ ጥላው እንዴት በእሱ በኩል ይሆናል?"

ማውሱን እለቃለሁ።

"ብርሃን በመጣበት በኩል ያለው ጠርዝ ነው ጥላ የሚጥለው ብለኸኝ ነበር። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለን፣ መስኮቱን እያሳየኸኝ።"

አልረሳችውም። ቀና ስል ዓይን ለዓይን እንገጣጠማለን፤ ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ናት።

"ልክ ነሽ" እላለሁ። ጆሮዬ ይግላል።

ጥላውን አዞረዋለሁ። የወንድሜ ፊት ይበራል፣ ፈገግታው ይሞላል። ጥላው እሷ ትከሻ ላይ ያርፋል። አሳንሰዋለሁ። አሁንም ላሳንሰው እፈልጋለሁ፤ ግን ከዚህ ካነሰ እንጨት መምሰሉ ይቀራል።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን በጣቱ ይዳስሳል። "ኧረ ጉድ! እንጨት ነው እኮ!"

"አግዳሚው ነው" ትላለች እሷ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

አተምኩት። ወንድሜ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ያዘው፣ እሷ በሩን ከፈተችለት፣ አብረው ሄዱ።