ዳማ የማትነክሰው አሻንጉሊት

«አትንጠቃት ብዬሃለሁ» አሉ ሽማግሌው፤ የአሰልጣኙን ክንድ ጨምድደው ይዘዋል።

«አባባ፣ ይልቀቁኝ። ካልወሰድኩባት እንዴት ደግማ ትሠራለች?»

አሰልጣኙ ጎንበስ ብሎ የጎማውን አሻንጉሊት ከውሻዋ አፍ አላቀቀ። አሻንጉሊቱ ሲጢጥ አለ። ዳማ አልተናከሰችም። እጁን እያየች ታላዝን ጀመር።

ግቢው የፍተሻ ውሾች የሚሠለጥኑበት ነው። ስድስት ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ በአንዱ ውስጥ ሽታ ያለው ጨርቅ ተደብቋል። ያንን ሣጥን አግኝቶ አጠገቡ ቁጭ ያለ ውሻ የሚወደውን ያገኛል። ጥቁሩ ለኳስ ነፍሱን ይሰጣል። ጆሮ ቆራጣው ገመድ መጓተት ነው የሚሻው። ትንሿ ነጭ ለቁራጭ ሥጋ አጥር ትዘላለች። አሮጊቷ ደግሞ «ጎሽ» ከተባለች ሌላ አትጠይቅም።

ዳማ ግን ኳሱን ዞር ብላም አላየችው። ገመዱን አሽትታ ተወችው። ሥጋ ሲሰጧት አትበላውም፤ በአፏ ይዛ ወደ ማደሪያዋ ትወስደዋለች። የሚያጓጓት ሲጨመቅ ሲጢጥ የሚል ነገር ብቻ ነው። እሱንም ስታገኝ አትጫወትበትም። ጥግ ትይዝና ከሆዷ ሥር አድርጋው ትተኛለች። ከዚያ በኋላ ሣጥን የለ፣ ፊሽካ የለ።

«ይህን የሚንጫጫ ነገር ከግቢው አውጣልኝ» አሉ ሽማግሌው። «እሱ ነው ያሳበዳት።»

«የምትወደው እሱን ብቻ ነው እኮ። ለሁሉም ውሻ አንድ ሽልማት አይሆንም ያሉኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

«ስነግርህ ጆሮህ የት ነበር? ይቺ ዓመት ሙሉ የሠራችው በኳስ ነው። አንተ መጣህ፣ ኳስ ጠላች።»

«እኔ ምን አደረግኳት?»

«እሱንማ አንተና ፈጣሪ ታውቃላችሁ።»

አሰልጣኙ ጥርሱን ነከሰ። ከመጣ ጀምሮ የሚሰማው ይህንኑ ነው። የፊተኛው አሰልጣኝ ከለቀቀ በኋላ አራት ወር ሙሉ ውሾቹን አብልተውም አጥበውም ያቆዩት ሽማግሌው ብቻቸውን ነበሩ። እሱም አሥራ አንዱንም «ደህና ናቸው» ብሎ ፈርሞ ተረክቧል።

ሥራ አስኪያጇ ከቢሮዋ ወጣች። በሩ ላይ የቆመውን የጭነት መኪና በአገጯ አሳየቻቸው።

«ባጭሩ ልንገራችሁ። ያረጀ፣ የታመመ፣ የወለደች፣ ጠባዩ የተበላሸ ውሻ እዚህ አይቆይም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። እስከ ምሳ ሰዓት ሣጥኑን ካላገኘች ወደ ድንጋይ መፍጫው ትሄዳለች።»

ድንጋይ መፍጫው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሁለት ክንድ ሰንሰለትና አቧራ ነው። ከዚያ የተመለሰ ውሻ የለም።

«እሷ ንቅንቅ አትልም» አሉ ሽማግሌው። «የሚሄደው እሱ ነው። ይመታታል።»

«ሲመታት አይተዋል?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ማየት ምን ያስፈልገኛል? እኔ እንኳ ስጠጋት ትሸሻለች። እኔን! ከእጄ የበላች ውሻ። ሰው ያስጠላት ማን ነው ታዲያ?»

አሰልጣኙ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው።

«መትቻት ከሆነ ገላዋ ይናገራል። የእንስሳት ሐኪሟ ትምጣና ትያት።»

«ሐኪም ምን ያደርጋል?» አሉ ሽማግሌው ቶሎ ብለው። «መርፌ ይዞ መጥቶ ውሻ ማስጨነቅ ነው። ልጁን አስወጡልኝና አንድ ሳምንት ስጡኝ። በኳስ እመልሳታለሁ።»

«ከመጣሁ ጀምሮ እንደ እሾህ ነው የሚያዩኝ» አለ አሰልጣኙ። «ሽበትዎን አክብሬ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ይለይልን።»

«ሽበቴን ተወው። የምታከብረው ነገር ካለ ውሻዋን አክብር።»

ሥራ አስኪያጇ ስልኳን አወጣች።

ሐኪሟ ስትደርስ ለምሳ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀርቶ ነበር። የመኪናው ሾፌር የኋላውን በር ከፍቷል፤ ሥራ አስኪያጇ አጠገቡ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ሐኪሟ ዳማ ከተኛችበት ጥግ ሄዳ ተንበረከከች። ጀርባዋን ዳበሰች፤ አንገቷን፣ እግሮቿን አንድ በአንድ አየች። አሰልጣኙ ከጎኗ ቆሞ ከንፈሩን ይነክሳል።

«ጎድኗን እዪ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ከኋላ። «ሌላውን ተዪው። የሚመታ ሰው ጎድን ነው የሚመታ።»

ሐኪሟ ጎድኗን አየች። ቀጥላም ውሻዋን ቀስ ብላ በጀርባዋ አስተኛቻት። እጇ ሆዷ ላይ ቆመ። ብዙ ቆየ።

«አንተ እዚህ ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው?» አለችው አሰልጣኙን።

«ሦስት ሳምንት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የፈረምኩበት ወረቀት አለ።»

«ለክፉ ሰው ሦስት ሳምንት ይተርፈዋል» አሉ ሽማግሌው።

ሐኪሟ አሰልጣኙን ውሃ እንዲያመጣላት ላከችው። እስኪርቅ ጠበቀች። መኪናው ጋ የቆመችውን ሥራ አስኪያጅ ቀና ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ከወለደች ስድስት ሳምንት ይሆናታል። ስንት ቡችላ ነው የወሰዱባት፣ አባባ?»