ጉርዱ ሰፋኝ

«ሲስተር፣ ይዩልኝ! ዞረ እኮ!»

ልጅቷ ተራዋ እስኪደርስ መታገሥ አቅቷት ከሰልፉ ወጣች፤ የዩኒፎርሟን ጉርድ ከሹራቧ ሥር በሁለት እጇ ይዛ ወገቧ ላይ አሽከረከረችው። ኋላዋ የነበረው ዚፕ ጎኗ ላይ መጣ። ነርሷ አጨበጨበችላት። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ወላጆችም ተቀብለው አጨበጨቡ። እናቷ ብቻ ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረች።

የጤና ጣቢያው ይህ ክፍል በየሁለት ሳምንቱ ክብደታቸው ከዕድሜያቸው ያለፈ ልጆች ከነቤተሰባቸው የሚሰበሰቡበት ነው። ልጅ ብቻውን አይቀንስም፣ ቤቱ ሁሉ ይቀንሳል ነው ደንቡ። ስለዚህ አባትም ሚዛን ላይ ይወጣል፣ እናትም ትወጣለች። የልጅቷ አባት ታክሲ ነጂ ነው፤ ለስላሳ መጠጥ ትቶ፣ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ በእግሩ እየገባ፣ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ካጠበቀ ወዲህ እግሩ መሬት አይነካም። ልጁን ከተወለደች ጀምሮ «ድንቡሼ» ነው የሚላት። ነርሷ ይሄን ስም ቢተዉት ይሻላል ብላው እሺ ብሏል፤ በቀን አሥር ጊዜ ይረሳዋል።

ነርሷ ሌላም ነገር መክራ ነበር። «ቤት ውስጥ ሚዛን አትግዙ፤ ልጆቹ ቁጥር ሲያዩ ይጨነቃሉ። ልብሳቸው ይንገራችሁ።» ለማንም ቤት ቢሆን ደግ ምክር ነው። እዚህ ቤት ግን እናትየው ልብስ ሰፊ ናት።

አንድ ጠዋት ጉርዱ አልዘጋ ብሎ ልጅቷ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች፤ ሰው እንዳይሰማት ብርድ ልብሱን ነክሳ አለቀሰች። የእናት አንጀት ይሄን አይችልም። «ወዲህ በይው፤ ዚፑ ነው የተበላሸው» ብላ ተቀበለቻትና የስፌት መኪናዋ ጋ ወስዳ የወገቡን ጎንና ጎን ፈታች፤ ከስፌቱ ውስጥ ታጥፎ የተረፈውን ጨርቅ ትንሽ ለቀቅ አድርጋ መልሳ ሰፋችው። ለዚያን ቀን ብቻ ብላ ነበር። ልጅቷ ግን ከትምህርት ቤት እየሮጠች ተመለሰች። «እማዬ፣ ጉርዱ ሰፋኝ!»

ከዚያ ወዲያ ደረጃውን በሩጫ መውጣት ጀመረች። ራት ላይ ማንም ሳይጠይቃት «በቃኝ» ትላለች። የሚዘለል ገመድ ካልገዛችሁልኝ ብላ ቤቱን አመሰችው። ይሄ ሁሉ ሆኖም ጉርዱ እንደገና ያዛት፤ ለምን እንደሆነ እናትየው ዛሬም አይገባትም። የልጇ ደስታ እንዳይቆም እንደገና ለቀቀችው። ሞኝነት ነው ካላችሁ አዎ፣ ሞኝነት ነው።

«በይ የኔ ድን… የኔ ልጅ፣ ተራሽ ደረሰ!» አለ አባትየው።

ልጅቷ ሹራቧንና ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ነርሷ ቁጥሩን አየች፤ መነጽሯን አስተካክላ ደግማ አየች። «እስቲ ውረጂና እንደገና ውጪ፣ የኔ ቆንጆ።» ወርዳ ወጣች። ነርሷ ፈገግታዋን ሳታጠፋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ትንሽ ጨምረሻል። ምንም አይደል፣ ያጋጥማል።»

አባትየው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «አይሆንም። ሚዛኑ ነው የተበላሸው።» ልጁን አውርዶ፣ ጫማውን አውልቆ ራሱ ወጣበት። እሱስ ቀንሷል፤ ሚዛኑና ቀበቶው ተስማሙ። ይሄኔ ጭራሽ ባሰበት። ልጁን መልሶ ሚዛኑ ላይ አቆማት። «ሲስተር፣ ጉርዱ ሲዞር በዓይናችን አላየንም? ሚስቴ ባለሙያ ናት፤ ሰው ገና በር ላይ ሳለ ልኩን ትናገራለች።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ፣ ንገሪያቸው እንጂ! ሰፍቷታል አልሰፋትም?»

ክፍሉ በሙሉ አያት። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ሰፍቷታል እንዳትል ሚዛኑ አለ። አልሰፋትም እንዳትል፣ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ የምትነሳው በዚህ ጉርድ ተስፋ ነው። ልጇን አፈፍ አድርጋ ከዚያ ክፍል መውጣት አማራት። ቦርሳዋን እንደገና መበርበር ጀመረች።

ልጅቷ ሚዛኑ ላይ እንደቆመች አንገቷን ደፍታ ሆዷን ታይ ነበር። ሹራቡ የለም፤ ጉርዱን ስታሽከረክረው ደግሞ ጎኑ ወደ ፊት ዞሯል። እጥበትና ፀሐይ ባደበዘዘው ሰማያዊ ጨርቅ ላይ፣ ከስፌቱ ግራና ቀኝ፣ እንደ አዲስ የደመቀ ቀጭን መስመር አለ። አጠገቡ የድሮው መርፌ የበሳቸው ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም ነው ያደገችው። እንዲህ ያለ መስመር ከየት እንደሚመጣ ነጋሪ አያስፈልጋትም።

ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እናትየው ከዚያ ዓይን የምትሸሽበት አልነበራትም።

«አባዬ፣ ተወው» አለች ልጅቷ። «ሚዛኑ ልክ ነው። ትናንት ትምህርት ቤት ብዙ ኬክ በልቼ ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ! ኬክ ነው እንጂ!» አባትየው እፎይ አለ፤ ሳቀ። ወላጆቹም አብረውት ሳቁ፤ ነርሷ የልጅቷን ራስ ዳበሰች። እናትየው ግን ታውቃለች፤ ልጅቷ ትናንት ከትምህርት ቤት መጥታ ውሃ ብቻ ጠጥታ እስኪመሽ ገመድ ስትዘል ነበር።

ልጅቷ ከሚዛኑ ወርዳ ሹራቧን አጠለቀች፤ እስከ ታች ጎተተችው። ወደ እናቷ የመጣችው አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው፤ የሰፋ ጉርድ እንዳይወርድበት እንደሚይዝ ሰው፣ ጠበቅ አድርጋ።