የውዱእ ድንጋይ

የመሥሪያ ቤቱን ቁልፍ ሊያስረክብ የሥራ አስኪያጁን በር ከፈተና እጁ እጀታው ላይ ደርቆ ቀረ። አባቱ፣ ደም የተቃባ ሰው ለዕርቅ እንደሚቆመው፣ ድንጋይ ጫንቃቸው ላይ አድርገው ከጠረጴዛው ፊት ጎብጠው ቆመዋል። ድንጋዩን አወቀው፤ ደጃቸው ላይ ሁልጊዜ ተቀምጠው ውዱእ የሚያደርጉበት ነው። መሥሪያ ቤቱ እስካለበት እስከ ውጫሌ ከተማ ድረስ በባጃጅ ጭነውት መጥተዋል። ትናንት "ሥራዬን ለቅቄ የራሴን ሶፍትዌር እየሠራሁ ለነጋዴው ልሸጥ ነው" ሲላቸው ተነሥተው ወደዚሁ ድንጋይ ወጥተው ነበር።

"ልጅ ነው፤ ያጠፋውን አፉ በሉልኝ። በነቢ ይዤዎታለሁ" አሉ አባቱ፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ።

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ድንጋዩን ሊያወርድላቸው ይታገላል። "ኧረ በአላህ፣ አባባ! እኛ መች አባረርነው? አትሂድ ብለን ብንለምነው እንቢ ያለን እሱ ነው። ምንም አላጠፋም፤ በገዛ ፈቃዱ ነው የተወን።"

አሁንስ ገባቸው፣ አሁን ያወርዱታል ብሎ ልጁ ትንፋሹን መለስ አደረገ። እሳቸው ግን የሥራ አስኪያጁን እጅ በትከሻቸው ገፋ አድርገው፣ ድንጋዩን እንደተሸከሙ ቀስ ብለው ወደ በሩ ዞሩ። ላባቸው በጺማቸው ይወርዳል። ልጃቸው ፊት ሲደርሱ መጀመሪያ አንዱን ጉልበታቸውን፣ ከዚያ ሌላውን አንበረከኩ። ለሰው ቀርቶ ለዝናብ አንገታቸውን ሲደፉ አይቷቸው አያውቅም።

"እንግዲያው እነሱ በድለውህ ይሆናል፤ አንተ አፉ በላቸው" አሉት።